በሁለቱ መካከል አለ፦ የተሰወረውን ቁጥር የመፈለግ ታሪክ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የታሪክ ዝግጅት ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ያለ ነው። መነሻ የሆነን ከቡሬ አካባቢ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እህታችን የላከችልን ደብዳቤ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«መምህራችን ሰሌዳው ላይ የአንድ ቁጥር ኪዩብ፣ ሲቀነስ የቁጥሩ ሦስት እጥፍ፣ ሲቀነስ 1 የሚል ፖሊኖሚያል ጻፉ። 1ን ስናስገባ ከዜሮ በታች 3 መጣ። 2ን ስናስገባ ከዜሮ በላይ 1 መጣ። ‹ስለዚህ በ1 እና በ2 መካከል ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር አለ› አሉን። ስንት እንደሆነ ግን ገና አልደረስንበትም። ያልተገኘ ነገር አለ የሚባለው እንዴት ነው? ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው፣ ለሙስሊም ልጅ ምን ያደርግላታል?› እያለ ደብተሬን እንድዘጋ ይነግረኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ውድ አድማጮች፣ እህታችን ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ አቅርባለች። አንደኛው የሂሳብ ነው፤ ሁለተኛው የታሪክ ነው። የመጀመሪያውን ካልተረዳን ሁለተኛውን መመለስ ስለማንችል ከእርሱ እንጀምር።

ውሃ ዘሎት የሚያልፍ ምልክት የለም

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ በኮሶበርና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው፣ ባሕር ዳር ከመግባቱ በፊት መራዊን ያገኛል። በዚያ አካባቢ ወደ ግልገል ዓባይ የሚገባው የቆጋ ወንዝ ተገድቦ፣ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ሆኗል። ግድቡ የታሰበው ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ነው።

እንበልና እንዲህ ባለ ግድብ ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ቆሟል። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ከአንድ ቀይ ምልክት በታች ነበር። መስከረም ላይ ስንሄድ ከቀዩ ምልክት በላይ ሆኖ አገኘነው። በመካከሉ ማንም አልጠበቀውም። ታዲያ ውሃው ልክ ከቀዩ ምልክት ጋር የተካከለበት ጊዜ ነበር ወይስ አልነበረም? በእርግጥ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን አናውቅም፤ መኖሩን ግን እናውቃለን። ምክንያቱም ውሃ እየዳኸ ይወጣል እንጂ ከታች ወደ ላይ አይዘልም።

የእህታችን መምህር ያሉት ይህንኑ ነው። ፖሊኖሚያል ማለት ያልታወቀውን ቁጥር፣ ስኩዌሩን፣ ኪዩቡንና ከዚያም በላይ ያሉትን ብዜቶቹን በተለያየ መጠን እየደመርንና እየቀነስን የምንሠራው ስሌት ነው። የፖሊኖሚያል ጠባይ እንደ ውሃው ነው፤ የምናስገባውን ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ስንለውጠው ውጤቱም በጥቂት በጥቂቱ ይለወጣል፣ አይዘልም። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ከዜሮ በታች፣ በሌላ ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ዜሮን የነካበት ቦታ የግድ አለ። ይህ በ10ኛ ክፍል ሎኬሽን ቲዎረም የሚባለው ነው። ሰፋ ያለው ሕግ ደግሞ ኢንተርሚዲየት ቫልዩ ቲዎረም፣ ማለትም የመካከለኛ ዋጋ ቲዎረም ይባላል።

«አለ» ማለትና «ይህ ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ እውቀቶች ናቸው። በግ የጠፋበት እረኛ በጉ የትኛው ሸለቆ ውስጥ እንዳለ ካወቀ ገና አላገኘውም፤ ነገር ግን አገሩን ሁሉ ከመዞር ድኗል። የዛሬው ታሪካችን የሰው ልጅ ይህንን ሸለቆ የመለየት ጥበብ እንዴት እንዳገኘ የሚናገር ነው።

ሚራስና ሁለቱ ስህተቶች

ወደ ባግዳድ እንሂድ። ዘመኑ ኸሊፋው አል-መእሙን የነገሠበት፣ ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ ከ813 እስከ 833) ያለው ነው። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ «አልጀብራ» ለሚለው ስም መነሻ የሆነውን መጽሐፉን የጻፈው በዚያ ወቅት ነበር። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ሚራስና ስለ ኑዛዜ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። አባት ሲሞት ለሚስት ስንት፣ ለልጆች ስንት፣ ለእናት ስንት ይደርሳል? በመካከሉ ዕዳ ወይም ኑዛዜ ካለስ? ያልታወቀው ድርሻ በስሌቱ ውስጥ «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር» ተብሎ ይያዛል፤ ከዚያም ተፈልጎ ይገኛል። የአንድ ቤተሰብ ሐቅ በትክክል እንዲከፋፈል ያልታወቀውን ቁጥር መፈለግ ግድ ነበር።

ነጋዴዎች ደግሞ «ሒሳብ አል-ኸጣአይን»፣ የሁለቱ ስህተቶች ስሌት በሚባል ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ቡሬ የሲራራ ነጋዴዎች መተላለፊያ የነበረች ከተማ ናትና ምሳሌውን በነጋዴ እናድርገው። አንድ ነጋዴ በገንዘቡ ላይ የገንዘቡን ግማሽ፣ እንደገና ሩቡን ቢጨምርበት 70 ብር ሆነለት። መነሻው ስንት ነበር? በግምት 20 እንበል፦ 20፣ 10 እና 5 ሲደመሩ 35 ይሆናል፤ 35 ጎደለ። አሁን 48 እንበል፦ 48፣ 24 እና 12 ሲደመሩ 84 ይሆናል፤ 14 ተረፈ። ሁለቱም ግምቶች ስህተት ናቸው። ነገር ግን አንዱ ጎድሏል፣ ሌላው ተርፏል፤ እውነቱ በመካከላቸው ነው። 20ን በሁለተኛው ስህተት በ14፣ 48ን በመጀመሪያው ስህተት በ35 አባዝተን ብንደምር 1,960 ይመጣል። ይህንን ለስህተቶቹ ድምር ለ49 ስናካፍለው 40 እናገኛለን። 40፣ 20 እና 10 ሲደመሩ በትክክል 70 ነው።

ለዚህ ዘዴ ማረጋገጫ ከጻፉት መካከል ቁስጣ ኢብን ሉቃ ይገኝበታል። ቁስጣ ክርስቲያን ነበር፤ ሙስሊሞቹ ሊቃውንትም ሥራውን አንብበው ተጠቀሙበት። አቡ ካሚልም በዚሁ ጉዳይ ላይ እንደጻፈ ይነገራል። የጎደለና የተረፈ ግምት ይዞ እውነቱን በመካከል ማጥመድ እንግዲህ የዛሬ ወግ አይደለም። ይሁንና ይህ ስሌት ቁልጭ ያለ መልስ የሚሰጠው ያልታወቀው ቁጥር ስኩዌር ወይም ኪዩብ በሌለበት ጥያቄ ብቻ ነው። ኪዩብ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የአል-ቢሩኒ ጥያቄ

እህታችንን የሚያስገርማት ይህ ይመስለናል። መምህሯ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ጥያቄ ዕድሜው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (እ.ኤ.አ 973 የተወለደው) «አል-ቃኑን አል-መስዑዲ» በተባለው ታላቅ የሥነ ፈለክ መጽሐፉ ውስጥ ክብን ዘጠኝ እኩል ቦታ የመክፈል ጉዳይ ገጠመው። የፀሐይንና የከዋክብትን ቦታ ለማስላት ክብን በትናንሽ ማዕዘኖች መክፈል ያስፈልጋል፤ የሶላት ወቅትና የቂብላ አቅጣጫ ስሌትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥያቄው ሲፈታ ሲፈታ ሄዶ «ኪዩቡ ከራሱ ሦስት እጥፍና ከ1 ድምር ጋር እኩል የሆነ ቁጥር ስንት ነው?» ወደሚል ደረሰ። ይህ የእህታችን ፖሊኖሚያል ራሱ ነው። አል-ቢሩኒም እጅግ የተጠጋ መልስ አግኝቶለታል።

እኛም በዛሬው ዘዴ እንሞክረው፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ተከተሉን። በ1 እና በ2 መካከል መሆኑን አውቀናል። 1.8ን ብናስገባ ከዜሮ በታች 0.568 ይመጣል። 1.9ን ብናስገባ ከዜሮ በላይ 0.159 ይመጣል። ስለዚህ የምንፈልገው በ1.8 እና በ1.9 መካከል ነው። 1.87 አሁንም ከዜሮ በታች ነው፤ 1.88 ግን በትንሹ ከዜሮ በላይ ነው። ሸለቆው እየጠበበ መጣ። 1.879ን ብንሞክር ከዜሮ በታች ሦስት ሺሕኛ ያህል ብቻ ይቀረዋል። እንዲህ እያልን ብንቀጥል 1.87938 እያለ ይሄዳል። መጨረሻ የለውም፤ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ከየትኛው ቁጥር እንደሚበልጥና ከየትኛው እንደሚያንስ በእርግጠኝነት እናውቃለን። መምህሯ «አለ» ያሉት ይህንን ፍለጋ እንድትጀምር ነው።

ሸረፉዲን አጥ-ጡሲ፦ «መልስ አለው ወይ?»

ከአል-ቢሩኒ ቀጥሎ ዑመር አል-ኸያም (እ.ኤ.አ 1048-1131) መጣ። እስከ ኪዩብ ያሉትን እኩልታዎች 25 ዓይነት አድርጎ መደባቸው። በቀላሉ ያልተፈቱትን 14 የኪዩብ ዓይነቶች ሁለት መስመሮችን በመሳል፣ ለምሳሌ ክብንና ፓራቦላን በማገናኘት ፈታቸው፤ መስመሮቹ የተገናኙበት ቦታ መልሱ ነው። በቁጥር ስሌት የሚፈታበትን መንግድ ግን እንዳላገኘ ሳይደብቅ ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ያገኘው ይሆናል ብሎም ተስፋ አድርጓል።

መስመሮቹ ባይገናኙስ? ይህንን ጥያቄ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሸረፉዲን አጥ-ጡሲ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ከነሲሩዲን አጥ-ጡሲ ጋር መምታታት የለበትም። ሸረፉዲን በደማስቆ፣ በሐለብና በሞሱል ያስተማረ ሊቅ ሲሆን በ610 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1213) ገደማ እንደሞተ ይገመታል። እርሱ «መልሱ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «መልስ አለው ወይ? ካለው ስንት መልስ አለው? ከየት እስከ የት ባለው ውስጥ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። ከኪዩብ እኩልታዎች ውስጥ አምስቱ አንዳንዴ መልስ ላይኖራቸው እንደሚችል ለይቶ አሳየ።

የእርሱን አካሄድ በራሳችን ምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ሊቆፍር ነው። አፉ እኩል አራት ማዕዘን ይሆናል፤ የአንዱ ጎን ርዝመትና ጥልቀቱ ሲደመሩ 6 ሜትር እንዲሆን ወስኗል። 20 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝለት ጎኑን ስንት ሜትር ያድርገው? አጥ-ጡሲ መጀመሪያ «ጉድጓዱ ቢበዛ ስንት ሊይዝ ይችላል?» ይላል። ትልቁ መጠን የሚገኘው ጎኑ የ6 ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 4 ሜትር ሲሆን ነው፦ 4 በ4 በ2፣ 32 ሜትር ኩብ። እንግዲህ ገበሬው 40 ሜትር ኩብ ቢፈልግ ይህ ጉድጓድ አይቻልም፤ መልስ የለውም፣ አይድከም። በትክክል 32 ቢፈልግ መልሱ አንድ ነው፤ 4 ሜትር። 20 ቢፈልግ ግን መልሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከ4 በታች፣ ሌላው በ4 እና በ6 መካከል። እንፈትሽ፦ ጎኑ 2 ሲሆን 16፣ ጎኑ 3 ሲሆን 27 ይይዛል፤ ስለዚህ አንዱ መልስ በ2 እና በ3 መካከል ነው። ጎኑ 5 ሲሆን 25፣ ጎኑ 6 ሲሆን ምንም አይይዝም፤ ሁለተኛው መልስ በ5 እና በ6 መካከል ነው።

ይህንን በመንገዳችን ላይ ማየት ይቻላል። ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። በመካከላቸው ያለችው ኮሶበር ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና የ2,200 ሜትርን ከፍታ ሲወጣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሲወርድም ቢያንስ አንድ ጊዜ ይነካዋል። የ5,000 ሜትርን ከፍታ ግን በዚያ መንገድ ላይ ሌት ተቀን ቢፈልገው አያገኘውም።

ከዚህ ምሳሌ ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። በፍኖተ ሰላምም በባሕር ዳርም ከ2,200 በታች ነን፤ ይህ ማለት ግን በመካከል 2,200ን አልነካንም ማለት አይደለም። እንዲሁ በፖሊኖሚያል ሁለቱም ጫፎች ከዜሮ በታች ቢሆኑ «በመካከሉ ዜሮ የለም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ምልክቱ ከተለወጠ በእርግጥ አለ፤ ካልተለወጠ ደግሞ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ከሰመርቀንድ እስከ ፕራግ

ከአጥ-ጡሲ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በሰመርቀንድ በኡሉግ ቤግ ዘመን የነበረው ጀምሺድ አል-ካሺ (እ.ኤ.አ 1429 የሞተው) የአንድ ዲግሪን ሳይን ለማግኘት የኪዩብ እኩልታ አቀረበ። አንድ ጊዜ የተገኘውን ግምት መልሶ ወደ ስሌቱ እያስገባ፣ በየዙሩ እያጠራው ሄደ። ለዘመኑ እጅግ የረቀቀ ውጤትም አገኘ።

አውሮፓውያንም የድርሻቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ በ1545 ጣሊያናዊው ካርዳኖ ባሳተመው መጽሐፍ ለኪዩብ እኩልታ የቁጥር ቀመር ወጣ፤ አል-ኸያም ተስፋ ያደረገው ነገር ተፈጸመ። እ.ኤ.አ በ1594 ስቴቪን የተባለው ሰው ምልክት የሚለወጥበትን ቦታ አሥር አሥር ላይ እየከፈሉ የማጥበብን ዘዴ አሳተመ፤ ቅድም በወረቀት የሠራነው ከእርሱ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ በ1824 ደግሞ ኖርዌያዊው ወጣት አቤል ለአምስተኛ ደረጃ እኩልታዎች ሁሉ የሚሠራ፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ የሚገለጽ ቀመር ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ይህ ከሆነ በኋላ «በመካከል አለ» የሚለው እውቀት ዋጋው ከፍ አለ። ቀመር በሌለበት የሚያደርሰን እርሱ ነውና።

ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ማንም አጥብቆ ያልጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ከታች ወደ ላይ የሚያልፍ ነገር መካከሉን የግድ እንደሚነካ ማረጋገጫው ምንድን ነው? «ይህማ ግልጽ ነው» ይባል ነበር። በፕራግ የነበረው ቄስና የሂሳብ ሊቅ ቦልዛኖ እ.ኤ.አ በ1817 ግልጽ የመሰለውን ነገር ማረጋገጥ ይገባል ብሎ ተነሳ። ጥርጣሬው ከንቱ አልነበረም። በራሱ ሲባዛ 2 የሚሆን ቁጥር እንፈልግ። 1 በራሱ ሲባዛ 1 ነው፤ 2 በራሱ ሲባዛ 4 ነው፤ መልሱ በመካከል ነው። ሆኖም ከክፍልፋዮች ሁሉ መካከል በራሱ ሲባዛ በትክክል 2 የሚሆን አንድም የለም! ቁጥር ማለት ክፍልፋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ቀዳዳ አግኝቶ ሾልኮ ባለፈ ነበር። ስለዚህ ስሌቱ የማይዘል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የቁጥሮቹም አጥር ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት። ከቦልዛኖ አራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ኮሺ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ በ1872 ጀርመናዊው ዴደኪንድ ነገሩን አጠናከሩት። አል-ኸያምም ቢሆን እ.ኤ.አ በ1077 በኡቅሊዲስ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ማብራሪያ እንዲህ ያሉ ንጽጽሮች ቁጥር ተብለው መቆጠር ይችሉ እንደሆነ ጠይቆ ነበር።

የማን ነው?

አሁን ወደ ታላቅ ወንድሟ ጥያቄ እንመለስ። ወንድማችን «የፈረንጅ ነው» ብሏል። አል-ቢሩኒ፣ አል-ኸያም፣ አጥ-ጡሲና አል-ካሺ የደከሙበትን ትምህርት የፈረንጅ ብቻ ማለት ታሪክን አለማወቅ ነው። ነገር ግን በተቃራኒው ወገን ያለውንም ስህተት ዝም ብለን አናልፍም። አንዳንዶቻችን በየመድረኩ «ሁሉንም የፈጠርነው እኛ ነን፣ እነርሱ ሰረቁን» እንላለን። ይህም እውነት አይደለም። አጥ-ጡሲ መልሱ ያለበትን ቦታ ለየ፤ የመካከለኛ ዋጋን ቲዎረም ግን በዛሬው መልኩ አላስቀመጠም፣ አላረጋገጠምም። ያንን ያረጋገጠው ቦልዛኖ ነው። የአጥ-ጡሲን ሥራ እ.ኤ.አ በ1986 በፓሪስ ያሳተመው ሩሽዲ ራሺድ አጥ-ጡሲ ወደ ዘመናዊው ስሌት በጣም ተጠግቶ ነበር ሲል፣ ሌሎች የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ የተጠቀመው በጥንታዊው ጂኦሜትሪ ነው ብለው ተከራክረዋል። ለአንድ ሊቅ ያልሠራውን መስጠት እርሱን ማክበር አይደለም፤ የሠራው ይበቃዋል። እውቀትም አማና ነው፤ ለባለቤቱ በልኩ ይመለሳል። ሚራስ ስናካፍል ከድርሻችን በላይ እንደማንወስድ ሁሉ፣ በታሪክም ከድርሻችን በላይ አንውሰድ፤ የሚደርሰንንም አንተው።

ደግሞስ አያቶቻችን የሠሩት ለእኛ የሚሆነው ስንማረው ነው። የአባቱን መሬት ያላረሰ ልጅ «መሬቱ የእኛ ነው» ቢል ጎተራው አይሞላለትም። የአል-ቢሩኒን ስም በቃሉ የሚያውቅ፣ የአል-ቢሩኒን ጥያቄ የምትሠራ እህቱን ግን ደብተርሽን ዝጊ የሚል ወንድም ከሁለቱ የትኛውን እንዳከበረ ራሱን ይጠይቅ።

ወላጆችም እዚህ ላይ ድርሻ አለን። ልጃችን «አልገባኝም» ስትል «ይህ ላንቺ አይሆንም» ማለት ቀላል ነው። ግን አልገባኝም ያለች ልጅ ቢያንስ ከየት በታች እንደሆነች አውቃለች። ከየት በላይ መድረስ እንደምትችልም መምህሯ ያውቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በአንድ ዝላይ የሚታለፍ አይደለም፤ በ1.8 እና በ1.9፣ ከዚያም በ1.87 እና በ1.88 እየተባለ የሚኬድ ነው። ማታ ከቤት ሥራ ግማሽ ሰዓት ብንቀንስላት፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ፋኖስ ብናበራላት፣ ከዚህ መንገድ ላይ አንድ እርምጃ አገዝናት ማለት ነው።

እህታችን ሆይ፣ ለደብዳቤሽ መልሳችን ይህ ነው። መምህርሽ ልክ ናቸው፤ ያልተገኘ ነገር አለ ሊባል ይችላል፣ ማስረጃው እስካለ ድረስ። ደብተርሽን አትዝጊ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ላይ ከ1.879 ቀጥሎ ያለውን አራተኛ አሃዝ በራስሽ እጅ ሠርተሽ ላኪልን። ወንድምሽንም አጠገብሽ አስቀምጪው፤ አንቺ ስታባዢ እርሱ ይቆጣጠር።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ እውቀት ይወፍቀን።